የመምህር እንግዳው የተበሱ ወርቆች

ሳጥኑ ባዶ ነበር፤ ጓጉንቸሩ ግን አልተሰበረም።

ኢንስፔክተር ደጊቱ ከአልጋው ሥር ተጎትቶ የወጣውን የዋንዛ ሳጥን ጎንበስ ብላ መረመረችው። ጭረት የለበትም። ውስጡ ቀይ ከፋይ ተነጥፎበታል፤ ከፋዩ ላይ አሥር ክብ ክብ አሻራዎች ቀርተዋል፤ ወርቆቹ ለዓመታት የተኙባቸው ቦታዎች ናቸው። ወርቆቹን ያነሳው ሰው ሲያበቃ ጨርቁን በእጁ ዳበስ አድርጎ፣ ክዳኑን ከድኖ፣ መልሶ ቆልፎት ነው የሄደው። ደጊቱ ብዙ ሌባ አይታለች፤ አልጋ አንጥፎ የሚሄድ ሌባ ግን አልገጠማትም።

መምህር እንግዳው አልጋው ጫፍ ላይ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ደጊቱንም የዓባይን ገባሮች በቃሏ እንድትወጣ አድርገው ያስለቀሷት እሳቸው ናቸው። ዛሬ እሷ ጠያቂ፣ እሳቸው ተጠያቂ ሆኑና ነገሩ ለሁለቱም አልተመቻቸውም። ሴትዮዋ ማዕረጓ ትከሻዋ ላይ እያለ ጥያቄ በጠየቀች ቁጥር እጇን ልታወጣ ይዳዳት ነበር።

የከተማው ሰው መምህሩን በሁለት ነገር ያውቃቸዋል፤ በካርታ ማሳያ ዘንጋቸውና በአሮጌ የወርቅ ገንዘብ ፍቅራቸው። ወርቅ ይሰበስባሉ ሲባል ሀብታም የመሰሉት ሰው ካለ ጫማቸውን ይመልከት። በመምህር ደመወዝ፣ ኋላም በጡረታ፣ አሥር የወርቅ ገንዘብ ለማግኘት ግማሽ ዕድሜያቸውን ከፍለዋል። ዘዴያቸው ማንም የማይፈልገውን መፈለግ ነው። ፊቱ ያልተነካ፣ ጠርዙ ያልተበላ ገንዘብ ዋጋው አይቀመስም። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ የንጉሡ አፍንጫ የተላጠ፣ በዚያ ላይ ላንገት ጌጥ ተብሎ የተበሳ ከሆነ ግን የታወቀ ሰብሳቢ ሁሉ ፊቱን ያዞርበታል፤ በተራ ወርቅ ሂሳብ ይገኛል። እሳቸውም የተበሳውን ብቻ እያሳደዱ ከደምበጫ እስከ አዴት ገበያ ለገበያ ዞሩ። የሠርግ ወር እስኪያልፍ ይታገሣሉ፤ ያኔ ድግስ የደገሰ ቤት ሁሉ እጁ ስለሚያጥረው ዋጋ አይከራከርም። እንዲህ ሲሉ የምኒልኩንም፣ ዶሮ ያለበትን የፈረንሳዩንም፣ ፈረሰኛው ዘንዶ የሚወጋበትን የእንግሊዙንም አገኙ፤ ሁሉም የተበሱ።

«ደግሞ የተበሳ አያታልልም» አሏት፤ ወርቁ ጠፍቶም ማስተማራቸውን አልተዉም። «አስመሳይ የሠራውን አይበሳም። ቀዳዳው ምስክር ነው። አንዲት ሴት አምናበት አንገቷ ላይ አስራዋለች ማለት ነው።»

ደጊቱ ስለ ቁልፉ ጠየቀች። ከሸሚዛቸው ሥር ከማተባቸው ጋር የታሰረ ቁልፍ አውጥተው አሳዩዋት፤ ካንገታቸው ወርዶ እንደማያውቅም ማሉላት። ጓጉንቸሩን ማን እንደሠራው ስትጠይቅ ደግሞ አሸናፊ የሚባል የቡሬ ወርቅ ሠሪ ነው አሏት፤ ከወርቆቹም አንዱን የሸጠላቸው እሱ ነው፤ ባለፈው ወር እዚሁ ቤት መጥቶ ጓጉንቸሩን ዘይት ቀብቶላቸዋል። ጓጉንቸር የሠራ ሰው ሁለተኛ ቁልፍ ማስቀረት አያቅተውም። ደጊቱ የጠዋቱ ሥራዋ ቀለላት።

በረንዳው ላይ የመምህሩ ባለቤት ወይዘሮ ሀብትነሽ የቤተክርስቲያን ጥላ ይሰፋሉ። ለሰኔ ሚካኤል የተሳሉት ጥላ ነው፤ ታቦቱ ሲወጣ ከላይ የሚዘረጋ፣ ቀይ ከፋይ በወርቀ ዘቦ ክር የተጠለፈበት፣ ዙሪያውን ከቡሬ ገበያ በእሥር የሚሸጡ ስስ የናስ ቅጠሎች የሚንጠለጠሉበት። ደጊቱ እጃቸውን አድንቃ ዘርፉን ለማየት ጠጋ ስትል ወይዘሮዋ ጥላውን ወደ ውስጥ አጥፈው ጭናቸው ላይ አደረጉት።

«ሳያልቅ አይታይም፣ ልጄ።»

«ሳጥኑን ከመምህር ሌላ የሚነካው ሰው አለ፣ እትዬ ሀብትነሽ?»

መርፌያቸውን ሳያቆሙ መለሱላት። «እኔ እንደሁ ወርቁን ለይቼ አላውቀው። ለሳቸው እያንዳንዱ ስም አለው፤ ለኔ ሁሉም አንድ ነው።»

ደጊቱ ይህን የሰማችው በአንድ ጆሮዋ ነበር። ሌላው ጆሮዋ ቡሬ ደርሷል።

*

የአሸናፊ ሱቅ ከመነኸሪያው ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሰውየው አርባውን የተሻገረ፣ ፀጉሩ ከግንባሩ የሸሸ፣ እጁ ግን እንደ ሴት እጅ የለሰለሰ ነው። ደጊቱ ስሟንና ማዕረጓን ስትነግረው በፈገግታ ተቀበላት፤ ወንበርም ሳበላት። የመምህር እንግዳው ወርቆች ጠፉ ስትለው ግን የያዘው ወረንጦ ከእጁ ወደቀ፤ ሊያነሳው ጎንበስ ብሎም ቶሎ ቀና አላለም።

ከደጊቱ ጋር የመጣው ኮንስታብል ክንፈሚካኤል ሱቁን ፈተሸ። ብዙም አልደከመ። ከመሳቢያው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ የሸክላ ቅርጽ አገኘ፤ ውስጡ የአንበሳ ምስል ያለበት የገንዘብ አሻራ ተቀርጾበታል። ከምድጃው አጠገብ ደግሞ ገና በቅርብ የቀለጠ የወርቅ እንክብል ነበር።

«ይህ የማን ነው?» አለችው ደጊቱ እንክብሉን እያሳየች።

«የደንበኛ ጉትቻ ነው፤ ቀለበት አድርግልኝ ብላኝ።»

«ቅርጹስ?»

ወረንጦውን ጠረጴዛው ላይ አስተካከለ። ላቡ ግን አልደበቀለትም። አስረው በመኪና ይዘውት ሄዱ። ኋላ፣ ፍኖተ ሰላም ሊገቡ ሲሉ፣ «የምነግርሽ ነገር ይኖረኛል እንጂ ሳጥኑንስ አልነካሁም» አላት። ደጊቱ እንዲህ ያለውን ንግግር ከታሳሪ ሁሉ ሰምታዋለች። ፍርድ ቤትም ለምርመራ ጊዜ ፈቀደላት። በዚያ ሳምንት ከተማው ውስጥ ያገኛት ሁሉ ሌባውን እንዴት ባንድ ቀን እንደያዘችው ሲጠይቃት፣ ትንሽ እየተሽኮረመመችም ቢሆን፣ ታወራ ነበር።

*

አሸናፊ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ዘመድ የለውም። እስረኛ ደግሞ የሚበላው ሰው ሲያመጣለት ነው። ክንፈሚካኤል ከራሱ ምሳ ሊያካፍለው ሲሰናዳ፣ በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ሠርክአዲስ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ምግብ ይዛ ገባች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ የተከናነበች አንዲት ሴት «ለወርቅ ሠሪው» ብላ ሰጥታት እንደሄደች ተናገረች። በማግሥቱም መጣ። በሦስተኛውም።

ክንፈሚካኤል ምግብ ፈትሾ ማስገባት ሥራው ነው። ሥራውንም በቅንነት፣ አንዳንዴም በጉርሻ ጭምር ይሠራል። አንድ ቀን እጁን እየጠረገ ደጊቱ ዘንድ መጣ።

«ኢንስፔክተር፣ ቅቤ የሚባል ነገር አልነካውም። በዘይት ብቻ ነው። ሽሮውም፣ ጎመኑም፣ ሁሉም።»

«ጥሞሃል ማለት ነው።»

«ጥሞኛል። ግን የሰኔን ጾም ከቄሱ በቀር ማን ይጾማል? ደግሞ እስረኛን ጹም የሚል ምን ዓይነት ዘመድ ነው?»

ደጊቱ ጨርቁን ተቀብላ አየችው። ጠርዙ ላይ የወርቀ ዘቦ ክር ብጣሽ ተጣብቋል። አነሳችው፤ በጣቷ መሐል አሸችው፤ ከጠረጴዛው ላይም እፍ አለችው። ክሩን ያወቀችው ያኔ ነው ወይስ ኋላ፣ ለራሷም አልተናገረችም። ይህን ያህል ብቻ ታስታውሳለች፤ አውቃ እንኳን ቢሆን ማወቅ አልፈለገችም ነበር።

አሸናፊ ከሁሉም በላይ የጨነቀው ምግቡ ነው። ማን እንደሚልክለት አያውቅም። መጀመሪያ ጠግቦ በላ፤ ኋላ ጉሮሮው አልቀበል አለው። አንድ ጠዋት ደጊቱን አስጠራትና መሬት መሬት እያየ ነገሩን አወጣው። ከአሥሩ ወርቅ አንዱ፣ አንበሳው ያለበት፣ ወርቅ አይደለም። ናስ ነው፤ እሱ በሸክላ ቅርጽ አፍስሶ፣ በወርቅ ለብጦ፣ በአመድ አሽቶ አስረጅቶ ለመምህሩ የሸጠላቸው።

«ቀዳዳውንስ?» አለችው፤ መልሱን እየፈራችው።

«እኔው ነኝ የበሳሁት። መምህሩ ቀዳዳ እንደሚያምኑ አውቅ ነበር። ሲገዙኝ ቀዳዳውን ሳሙት እኮ።»

ደጊቱ ነገሩን መልሳ አሰበችው። ከመካከላቸው አንዱ ሐሰተኛ መሆኑን ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው፣ ሲገኝ የሚጋለጥበትን ነገር ለመስረቅ ከቡሬ ድረስ አይመጣም። ወረንጦውን የጣለው ስርቆቱን ሲሰማ ሳይሆን፣ ወርቆቹ ፖሊስ እጅ ሊገቡ መሆኑን ሲሰማ ነው። ያን ቀን ፍርድ ቤት ሄዳ ልቀቁት ብትል ይለቁት ነበር። ግን አታላይ ነው፤ አታላይ ትንሽ ቢቆይ ምን አለበት ብላ ራሷን አሳመነች። እውነቱን ለመናገር፣ ሌባውን ባንድ ቀን ያዘችው ያለው ከተማ ባንድ ቀን ለቀቀችው እንዲላት አልፈለገችም።

*

ወደ መምህሩ ቤት ተመልሳ እያንዳንዱን ወርቅ ከየት እንዳገኙት ጠየቀቻቸው። ስለ ሐሰተኛው አልነገረቻቸውም፤ ልትነግራቸው አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። መምህሩ ልጆቻቸውን እንደሚጠሩ ሆነው ቀጠሉ፤ ይህቺ ከአዴት፣ ሴትዮዋ ለልጇ ማዳበሪያ ስትገዛ፤ ያቺ ከደምበጫ፣ አውቶቡስ ውስጥ ካንገት ላይ አይተው ባለቤቷን እስከ ቤቷ ተከትለው። አንዷ ጋ ሲደርሱ ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ፈረሰኛዋ... እሷ እንኳን ከማንኩሳ ወዲያ ካለች ባልቴት ነች።»

ይህን ብለው የግራ ጆሯቸውን ነካ አደረጉ።

ደጊቱ ይህን ምልክት ታውቀዋለች። ተማሪ ሲዋሽ ጆሮውን ይነካል እያሉ ክፍሉን ሁሉ በጆሮው ሲይዙት የነበሩት እሳቸው ናቸው። ዓይኗን ሰብራ ሌላ ጥያቄ ጠየቀች፤ ቁልፉን ሲታጠቡ እንኳን አውልቀውት አያውቁም?

«ጸበል ስገባ ለሀብትነሽ እሰጣታለሁ፤ ዝገት እንዳይበላው።»

«አይወርድም ብለውኝ ነበር እኮ፣ መምህር።»

ተገረሙባት። «ለሚስት መስጠት ማውለቅ ነው እንዴ?»

*

ባልቴቷ እማማ እህተ ማርያም ይባላሉ። ቤታቸው ከማንኩሳ ወጣ ብሎ በባሕር ዛፍ አጥር ውስጥ ነው። እግራቸው አብጦ መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከውስጥ ክፍል የሰው ሳል ይሰማል። ደጊቱ ዩኒፎርም አልለበሰችም፤ ስለ ወርቅ የመጣች የመንግሥት ሰው መሆኗን ብቻ ተናገረች።

«ለመምህሩ በስንት ሸጡላቸው፣ እማማ?» አለቻቸው።

«ምኑን ነው የምሸጥ?» አሉ እማማ፤ ቅር ብሏቸው። «የሚካኤልን?»

ከዚያ ነገሩን ከሥሩ ነገሯት። አንድ ልጅ ነው ያላቸው፤ ወታደር ነበር። በሕይወት ከመለስክልኝ ያንገቴን ወርቅ ብለው ለሚካኤል ተሳሉ። ልጃቸው አንድ ቀን በእግሩ መጥቶ በር ላይ ቆመ። እሳቸው ደግሞ ከተማ ድረስ የሚሄዱበት እግር የላቸውም። ያን ሰሞን መምህሩ አሮጌ ወርቅ ሊገዙ በመንደሩ ሲያልፉ አገኟቸው። የተማረ ሰው፣ ያውም ለቤተክርስቲያኑ ጎረቤት፤ ከዚህ የተሻለ መልእክተኛ ከየት ይመጣል? ወርቁን ካንገታቸው ፈትተው ሰጧቸው።

«አሁን ልጄ ታመመብኝ» አሉ ወደ ሳሉ እያመለከቱ። «ስለቱ ያልደረሰ እንደሁ ብዬ ሰጋሁ። በሰው ድጋፍ በባጃጅ ሐኪም ቤት ይዤው የሄድሁ ጊዜ የመምህሩ ቤት ጎራ ብዬ ባለቤቱን ጠየቅኋት። ምን ዓይነት ወርቅ ነው አለችኝ። እኔ ምኑን አውቄው? እናቴ በጨርቅ ሰፍታ ነው ያሰረችልኝ፤ ፊቱን አይቼው አላውቅም። ቢጫ ነው፣ የተበሳ ነው አልኋት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ጉልበቴን ስማ ሸኘችኝ። ምን ሆና ነው እላለሁ እስከ ዛሬ።»

ሳሉ ከውስጥ በረታ። እማማ እስኪያባራ ጠበቁና ደጊቱን ቀጥ ብለው አዩዋት።

«አንቺ የከተማ ሰው ነሽ። ደርሶታል፣ ልጄ?»

ደጊቱ ሕግ ስትማር ምስክርን አትዋሽ ተብላለች። ይህቺ ሴት ምስክር ናት። ደግሞም እናት ናት።

«ደርሷል፣ እማማ።»

በመመለሻዋ ባጃጁ ውስጥ ሆና ነገሩን አንድ ባንድ አገናኘችው። ቁልፉን ማን እንደያዘው፣ ጨርቁን ማን እንዳስተካከለው፣ የእስረኛውን የጾም ምግብ ማን እንደሚሠራ አወቀች። ያላወቀችው ወርቆቹ የት እንዳሉ ብቻ ነው። ቤቱን ማስፈተሽ ትችል ነበር። የመምህሯን ቤት፣ ያውም በሚካኤል ዋዜማ፣ ወይዘሮ ሀብትነሽ ቆመው እያዩ። ነገ ይደርሳል አለች፤ አሸናፊም አንድ ሌሊት ጨመረ።

*

በሰኔ አሥራ ሁለት ከተማው በሙሉ ነጭ ለብሶ የቤተክርስቲያኑን ቅጥር ግቢ ሞልቶታል። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ዝናቡ ግን ታቦቱ እስኪገባ የታገሠ ይመስላል። ደጊቱ በሴቶቹ በኩል ቆማ መምህሩን ትፈልጋለች። ከአጥሩ ሥር ብቻቸውን ቆመው አየቻቸውና ሰውን እየገፋች አጠገባቸው ደረሰች። ጎን ለጎን ቆሙ።

ታቦቱ ወጣ። እልልታው ቀለጠ። ካህናቱ ዙር ሲጀምሩ ከላይ ጥላዎቹ ተዘረጉ፤ ከፊት ለፊት የወይዘሮ ሀብትነሽ ቀይ ጥላ። ሰው ሁሉ አደነቀው። ልክ በዚያን ጊዜ ከዝናብ በፊት የሚመጣው ነፋስ ተነሳ።

የናስ ቅጠሎቹ በሙሉ ተርገበገቡ። ዙሪያውን እንደ ገብስ ማሳ ነጸብራቃቸው ተተራመሰ። ከመሐላቸው ግን አንዳንዶቹ አልተነቃነቁም። ሌላው ወደ ቀኝ ሲበር፣ ወደ ግራ ሲጋጭ፣ እነሱ ቁልቁል ተንጠልጥለው ዝም አሉ፤ እንደ ከባድ ፍሬ። ብርሃናቸውም የብልጭታ አይደለም፤ የበሰለ ቢጫ ነው። ደጊቱ ሳታስበው ቆጠረች። ዘጠኝ ናቸው። አሥረኛውን ፈለገችው፤ አንበሳው ያለበት ከናስ ቅጠሎቹ ጋር አብሮ ሲወዛወዝ አገኘችው።

ቀና ብላ መምህሩን አየች። አንገታቸውን ሰቅለው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ጸሎት አይደለም፤ ስም እየጠሩ ነው። የሰበሰቧቸውን ሁሉ ባንድ ቦታ፣ በቀን ብርሃን፣ ሰው ሁሉ እያያቸው ሲያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ወርቆቹን በሌላ ሰብሳቢ ፊት ያሳፈራቸው ቀዳዳም ለክር ተመችቷል።

ዝናቡ ጠብ ጠብ ሲል መምህሩ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ተናገሩ።

«ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ ዋጋዋን ጨምሬ ነበር። የፈረሰኛዋን። በክብደቷ አስልቼ።» ትንሽ ቆዩ። «የቀዳዳውን ቀንሼ።»

ደጊቱ ያን ጊዜ ልታዝንላቸው ፈለገች፤ አልሆነላትም። በደብተሯ ሳይሆን በአፏ፣ ግን በሥራዋ ድምፅ ጠየቀቻቸው።

«መምህር እንግዳው፣ የጠፋብዎት ንብረት ይህ ነው? የርስዎ ናቸው?»

እያንዳንዷን በጨለማ በጣታቸው የሚለዩ ሰው፣ የማን አንገት ላይ እንደነበረች፣ ጠርዟ የት እንደተበላ የሚያውቁ ሰው፣ ለረጅም ጊዜ ወደ ላይ አዩ። እጃቸው ወደ ጆሯቸው ሲሄድ አየችው። መንገድ ላይ አስቆሙትና በሌላው እጃቸው ያዙት።

«አላውቃቸውም» አሉ።

*

ወይዘሮ ሀብትነሽ ሕዝቡ ሲበተን ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ይጠብቋት ነበር። ስትመጣ ሊነሱ ሞከሩ፤ በእጇ መለሰቻቸው።

«አሥሩንም አየኋቸው» አሉ፤ ሳትጠይቃቸው። «እያገላበጥሁ። ሁሉም ቢጫ፣ ሁሉም የተበሱ። ባሌን ልጠይቅ አልኩ፤ እንዴት ብዬ? አንዱን መርጬ ብሳሳትስ? የዚያች እናት ልጅ እየሳለ እኔ ዕጣ ልጣል? አሥሩንም ሰፋኋቸው።»

«አሸናፊን ሳስረው ለምን ዝም አሉ?»

«ታቦቱ እስኪወጣ ብዬ። ቀድሜ ብናገር ክሩን ይፈቱት ነበር። አንዴ ከወጣ ማንም አይነካው።» ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። «የሰው ልጅ በኔ ዝምታ ታስሮ፣ እኔ ወጥ እየሠራሁ። ቅቤ ላደርግለት ፈልጌ ነበር፤ ጾሙን እንዲህ አድርጌ ልገድፈው አልቻልኩም። እሰሪኝ ልጄ፤ ቀለል ይለኛል።»

ደጊቱ አጠገባቸው ተቀመጠች። ከሳቸው ይልቅ የሷ ዝምታ ለአሸናፊ የከፋ እንደነበር፣ ክሩን ከጠረጴዛዋ እፍ እንዳለችው ልትነግራቸው አሰበች። አልነገረቻቸውም። ይልቅ የዛሬውን ቋጠሮ ይዘው እንደሁ ጠየቀቻቸው። ይዘዋል።

መምህሩ በማግሥቱ ጣቢያ መጥተው አቤቱታቸውን አነሱ፤ ከ«አላውቃቸውም» ሌላ ግን ምንም አልጨመሩም። አሸናፊ ግን የተፈታው በበዓሉ ዕለት ነው። ደጊቱ ቋጠሮውን ራሷ ይዛለት ገባች፤ በሩንም ከፈተችለት። ለምን እንደ ፈታችው ነገረችው፤ ማን ሲያበላው እንደ ነበረም ነገረችው። ይቅርታ የሚለውን ቃል እሷም ጀምራ አልጨረሰችውም። ሰውየው ሰማት፤ ጫማውን ማሰር ጀመረ፤ ከዚያ ቀና አለ።

«ያቺ የኔዋስ? አንበሳዋ?»

«ከታቦቱ ጋር ዞራለች። አሁን መቅደስ ገብታለች።»

 አሸናፊ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ፣ አንድ ጫማው ሳይታሰር፣ ተመልሶ እስር ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጠ። ክንፈሚካኤል ሂድ እንጂ ሲለው፣ ትንሽ ልቀመጥ አለ።

ደጊቱ ከዚያ ወዲህ ባገኘችው የመጀመሪያ የእረፍት ቀን ባጃጅ ተሳፍራ ማንኩሳ ሄደች። እማማ እህተ ማርያም እዚያው መደብ ላይ አሉ። ሳሉ አሁንም ከውስጥ ይሰማል፤ ረገብ ብሏል፣ ወይም ደጊቱ ረገብ እንዲል ፈልጋለች።

«እማማ፣ ስለትዎ ደርሷል» አለቻቸው፤ ገና በሩ ላይ ቆማ።

እማማ ግራ ተጋብተው አዩዋት።

«ነግረሽኝ የለ፣ ልጄ። እኔማ ያን ጊዜውኑ አምኜሽ ምስጋና አድርሻለሁ። ዛሬ ምነው እንደገና ለዚህ ብቻ መጣሽ?»

ደጊቱ መልስ ፈለገች። እጇ ወደ ጆሮዋ ሲሄድ ተሰማት።